ለውሻ ስለሚጣለው ሳንባ

በፋሲካ ጧት በየግቢው በግ ሲታረድ፣ ቆዳው ተገፎ ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ፣ ዐራጁ አስቀድሞ ለይቶ የሚጥለው ሳንባውን ነው፤ ሳንባ በብዙ ቤት የማይበላ ስለ ሆነ፣ ውሻውም የደሙ ሽታ ደርሶት በሰንሰለቱ ላይ ሲያላዝን ስለ ቆየ፣ ለታማኙ ዘበኛ የበዓል ድርሻው ነው ተብሎ እሳት ሳይነካው ይወረወርለታል። ይህን የሚያደርግ ሰው ክፋት አላሰበም። በሕገ ኦሪት አውሬ የሰበረው ሥጋ ለውሻ እንዲጣል መታዘዙን፣ ጦብያም ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻው አብሮት እንደ ወጣ የሚያውቅ አንባቢ፣ ለውሻ ከማዕድ ማካፈል የቆየ ደግነት ነው ብሎ ቢመልስልኝ እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ፤ የምቃወመው የሚጣለው ሥጋ ጥሬ መሆኑን ነው።

ዐራጁ ያንን ሳንባ ከመወርወሩ በፊት ዳበስ አድርጎ ቢመለከተው፣ አንዳንድ ጊዜ ባቄላ የሚያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከሎሚ የሚበልጥ፣ ነጣ ያለና ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያገኝበታል፤ በቢላዋው ጫፍ ቢነካው የጠራ ውሃ ፊን ብሎ ይወጣና ስስ ነጭ ሽፋን በእጁ ላይ ይቀራል። በዚያ ውሃ ውስጥ ሊቃውንቱ ኤኪኖኮከስ የሚሉት ትል እጮች አሉ። ውሻው ከዋጣቸው በኋላ በስድስት ወይም በሰባት ሳምንት ውስጥ በአንጀቱ አድገው፣ ቁመታቸው አንድ ሴንቲሜትር እንኳ ሳይሞላ፣ እንቁላል መጣል ይጀምራሉ፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በግቢው አፈርና በጎመኑ መደብ ላይ ይበተናል፣ ውሻው ገላውን ሲልስም በጠጉሩ ላይ ይቀራል። ውሻውን አቅፎ ሲጫወት የዋለ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ እንጀራ በቆረሰ ጊዜ ይውጠዋል። ከዚያ ወዲያ በበጉ ሳንባ የነበረው ከረጢት በሕፃኑ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ቀስ በቀስ ያድጋል፤ ዓመታት ሕመም ሳይሰማው ያልፉና ሆዱ ሲያብጥ ወይም ደረቱ ሲወጋው ወደ ሐኪም ይወሰዳል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይገላገለውም።

እኛ ጥሬ ሥጋ የሚያመጣውን ትል የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም፤ አባቶቻችን የኮሶን አበባ ወቅጠው በየጊዜው ይጠጡ ነበር። ይሁን እንጂ የኮሶ ትል የሚይዘው ጥሬውን የበላውን ሰው ሲሆን፣ ይህኛው ደዌ ቁርጥ ቀምሶ የማያውቀውን መናኝ እንኳ ሳይምር፣ ትል ያለበት ውሻ በሚውልበት ግቢ የሚኖረውን ሁሉ ያሰጋል፤ በጉበት ውስጥ የተቋጠረውንም ኮሶ ጠጥቶ ማውጣት አይቻልም።

ደዌው እንደሚጠፋ ግን አይስላንድ አሳይታናለች። በግና ውሻ በበዛባት በዚያች ደሴት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ሃራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ውሾቹን ከመረመረ በኋላ፣ ከረጢት ያለበት ሆድ ዕቃ እንዲቀበር ወይም እንዲቃጠል፣ ውሾችም የትል መድኃኒት እንዲሰጣቸው የሚመክር ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉም በአገሩ ቋንቋ ታትሞ በየቤቱ ታደለ። ሕግ ተከተለው፤ የሚቀጥለውም ትውልድ ከደዌው እየተላቀቀ ሄደ። እኔ በዚህ ታሪክ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ከባድ ሀብት አለመጠየቁን ነው።

በዚህ ዘመን ደግሞ ውሻ የተኩላ ዘር ስለ ሆነ ጥሬ ሥጋና አጥንት ብቻ ይስማማዋል የሚል ትምህርት ከባሕር ማዶ ተነሥቷል፤ በ1993 ኢያን ቢሊንግኸርስት የተባለው የአውስትራሊያ የእንስሳት ሐኪም ያሳተመው መጽሐፍ እጅግ አስፋፍቶታል። ነገር ግን በ2013 የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውሻ ከተኩላ ይልቅ እህል ለመፍጨት የሚያገለግለው ዘረመል ብዙ እጥፍ እንዳለው አስረድተዋል፤ እንጀራ በልቶ የሚያድረው የእኛ ውሻ ተፈጥሮውን አልሳተም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም ለቤት እንስሳት የሚሸጥ ጥሬ ምግብ 196 ናሙና አስመርምሮ፣ በ15ቱ ሳልሞኔላ፣ በ32ቱም ሊስቴሪያ የተባለውን ተሐዋሲ አግኝቷል። ታሽጎ የሚሸጠው እንዲህ ከሆነ፣ ዝንብ ሲያርፍበት የዋለው ሆድ ዕቃ ምን እንደሚይዝ መገመት አያዳግትም።

ለውሻው በቤቱ የሚያበስልለትን ሰው አከብረዋለሁ፤ ሥጋ ብቻውን ግን ካልሲየሙ ጥቂት ስለ ሆነ የቡችላን አጥንት ያደክማል። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚያጠፋ የወጥ ትራፊ ልማድ ሊሆን አይገባውም፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀቱን ይወጋል።

ስለዚህ ሳንባውና ጉበቱ ተቆራርጦ ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ይፍላና ቀዝቅዞ ይሰጠው፤ ከረጢት የታየበት ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ ይቀበር፤ ውሻውም በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ፕራዚኳንቴል ይውሰድ። ጠባብ ግቢ ያለው የከተማ ነዋሪ ግን ጉድጓድ ከየት ያመጣል? ይህ የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው፤ ቄራዎች አጥራቸውን ከውሻ ይጠብቁ፣ በዓል ከመድረሱ አስቀድሞም በየወረዳው ክዳን ያለው የጋራ ጉድጓድ ይዘጋጅ፣ ዐራጆችም ከረጢቱን ለይተው የሚያውቁበት ትምህርት ይሰጣቸው።