ዘፈን በሣጥን ተቈልፎ አይኖርም

አንድ ሕዝብ የአባቶቹን ዘፈን እንዴት ይጠብቃል? ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ «በመጽሐፍ ይጻፍ፤ በቴፕ ይቀዳ፤ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ» ሲል ይመልሳል። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። የቀረውን ግማሽ ለመረዳት ወደ ስኮትላንድ መመልከቱ ይጠቅመናል ብለን እናምናለን፤ በዚያ አገር ይህን ሥራ ከያዙት መካከል የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ይገኙበታልና።

በስኮትላንድ ዘፈን መሰብሰብ የቈየ ልማድ ነው። ባለቅኔው ሮበርት በርንስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1787 ጀምሮ በኤዲንበርግ ይታተም ለነበረ የዘፈን መጽሐፍ ከሕዝብ የለቀማቸውን ዘፈኖች ያለ ክፍያ ይልክ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ጋቪን ግሪግ የተባሉ የትምህርት ቤት መምህርና ጀምስ ዳንከን የተባሉ ቄስ ከሰሜን ምሥራቁ የገበሬ አገር ከ3,000 የሚበልጡ ዘፈኖች ሰበሰቡ። ሁለቱም የድካማቸውን ፍሬ ሙሉ ሆኖ ሳያዩ ሞቱ፤ ስምንቱ ጥራዝ ታትሞ ያለቀው በ2002 ነው።

በ1951 በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ከባልደረቦቹ አንዱ ሃሚሽ ሄንደርሰን ዘፈኑን ፍለጋ የሄዱት ወደ ታላላቅ ቤቶች አልነበረም። በስኮትላንድ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ቆርቆሮ በመቀጥቀጥና በመከር ጊዜ በቀን ሥራ ይኖሩ የነበሩ «ትራቨለርስ» የሚባሉ ሰዎች አሉ። የሰፈሩ ሰው ይንቃቸው ነበር፤ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ይሰደቡ ነበር። ሄንደርሰን ግን በብሌርጋውሪ የእንጆሪ ለቀማ ወቅት ከድንኳናቸው ገብተው ከእሳታቸው ዳር ተቀመጡ። እነሆ፣ ሊቃውንቱ ጠፍቷል ያሉት የጥንት የታሪክ ዘፈን በእነዚህ በተናቁ ሰዎች አፍ በሕይወት ተገኘ። ከዚሁ ወገን የሆኑት የአበርዲኗ ወይዘሮ ጄኒ ሮበርትሰን በ1953 ድምፃቸው ተቀዳ፤ በ1968 ከብሪታንያ ዘውድ ኒሻን ተሸለሙ። የእጅ ሙያተኛን መናቅ ለእኛም አገር እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ አንባቢ ይህን አስተውሎ ይለፈው።

ይሁንና ቴፑ ሞልቶ በመደርደሪያ ላይ ቢቀር ምን ይጠቅም ነበር? አንዳንድ ሰዎች የቈየ ዜማ ለሁሉ ከተሰጠ ይበላሻል፤ ስለዚህ ለሊቃውንት ብቻ ይጠበቅ ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የስኮትላንድ ባግፓይፕ መምህር የጥንቱን ታላቅ ዜማ ለደቀ መዝሙሩ የሚያስተምረው በመጀመሪያ በአፉ እያዜመ ነው፤ ለዚህም የተለዩ ቃላት አሉት። የዜማው ልክና ትንፋሽ በወረቀት ብቻ አይያዝም፤ ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ ይሞታል። የእኛን የዜማ ተማሪ ከመምህሩ አፍ ሲቀጽል ያየ ሁሉ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ስለዚህ ማካፈል የመጠበቅ ጠላት አይደለም፤ ሁለተኛ እጁ ነው። ሄንደርሰን በዚያው በ1951 የገጠር ዘፋኞችን ወደ ኤዲንበርግ አምጥተው በከተማ ሕዝብ ፊት አዘፈኑ። በ1958 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የባህል ዘፈን ማኅበር አቋቋሙ። በ1981 በባራ ደሴት የሚኖሩ ሰዎች፣ ልጆቻቸው የጌሊክ ቋንቋና ዜማ ሳያውቁ እንዳያድጉ ሠግተው «ፌሽ» የተባለ የልጆች ማስተማሪያ በዓል ጀመሩ፤ ዛሬ እንዲህ ያለው በዓል በብዙ ወረዳ ይደረጋል። በ2010 ደግሞ የአሮጌው ቴፕ ድምፅ በኢንተርኔት ለሁሉ በነፃ ተከፈተ። የስብስቡ ስም በጌሊክ «የቅርስ ጉድጓድ»፣ በስኮትስ ቋንቋ «የሀብት ሣጥን» ማለት ነው። እኛ ጉድጓድ የሚለውን እንመርጣለን፤ ከጉድጓድ ይቀዳልና። ከየዘፈኑ ጋርም የዘፋኙ ስምና የተቀዳበት ዘመን ተጽፎ ይገኛል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ዘፈኑን ወስዶ ዘፋኙን መርሳት ግማሽ ስርቆት ነውና።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በሙዚቃ ምሽታችን አንዱን ሰዓት ለእነዚህ የስኮትላንድ ቅጂዎች መስጠትና መምህራኖቻችን ትርጕሙን እንዲያስረዱን መጋበዝ። ሁለተኛ፣ ለክረምት ዕረፍት ወደየአገሩ የሚሄድ ተማሪ ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት ባልቴት አንድ ዘፈን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ ከነስማቸው ቀድቶ ይዞ እንዲመለስ። ነገር ግን ቀድቶ ማምጣት ብቻ አይበቃም፤ መዝፈንም ይማር። ሽማግሌው ሲያልፉ ዜማው ቴፕ ላይ መቅረቱ መልካም ነው፤ በአንድ ወጣት ጕሮሮ ውስጥ መቅረቱ ግን ከዚያ ይበልጣል።