ያገለገለ አይሮፕላን ስለ መግዛት

በቅሎ ሊገዛ ወደ ገበያ የወጣ ሰው በኮርቻዋ ጌጥ አይታለልም፤ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ኮቴዋን አንሥቶ ይመለከታል፣ ዳገት አስወጥቶም ትንፋሿን ያደምጣል። ለበቅሎ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ በብዙ ሚሊዮን ብር ለሚገዛ አይሮፕላን ከዚያ ያነሰ ቢጠነቀቅ እጅግ ያሳዝናል።

ባለ አንድ ሞተር ተርቦፕሮፕ አይሮፕላን ለሀገራችን የሚስማማ መሆኑ የታወቀ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሴስና ካራቫን ባልተነጠፈ አጭር ሜዳ ስለሚያርፍ ሕመምተኛና መድኃኒት ከሩቅ ወረዳ ለማመላለስ ይመቻል። የአዲሱ ዋጋ ከባድ ስለ ሆነም ያገለገለውን መፈለግ ነውር አይደለም።

ነገር ግን የሚገዛው ቀለሙና ወንበሩ ሳይሆን በሞተሩ የቀረው ሰዓት መሆኑን ገዢው ልብ ሊለው ይገባል። የካራቫን ሞተር የካናዳው ፕራት ኤንድ ዊትኒ የሚሠራው ፒ.ቲ. 6 ነው፤ ብዙ ጊዜ 3600 ሰዓት ከሠራ በኋላ ተፈትቶ ይታደሳል፤ የእድሳቱም ወጪ በመቶ ሺህ ዶላር የሚቈጠር ነው። እንግዲህ 3400 ሰዓት የሠራውን በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሹም 200 ሰዓት ብቻ እንደ ገዛ ይወቀው።

ይልቁንም ለእኛ የሚከብደው የምድራችን ከፍታ ነው። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አየሩ ሥሥ ነው፤ ለመነሣት የሚፈለገው ሩጫም ይረዝማል። የውስጥ ምላጩ በአቧራ ወይም በባሕር ጨው የተበላ ሞተር በባሕር ጠረፍ ሲሞከር ደኅና ይመስላል፤ ደጋ በወጣ ጊዜ ግን ሙቀቱ ከወሰኑ ይደርስና ኀይሉ ሳይሞላ ይቀራል። ስለዚህ ሻጩ በቈላ ያሳየው የሙከራ በረራ ለእኛ በቂ ምስክር አይደለም። በቀጭን መመልከቻ መሣሪያ የሞተሩን ውስጥ የሚመረምር፣ ከሻጩ አንዳች የማይቀበል መካኒክ አስቀድሞ ይላክ። የዚህን ሰው የጕዞ አበል ሊቈጥብ የሚያስብ ገንዘብ ያዥ ቢኖር አበሉን ከአንድ እድሳት ዋጋ ጋር ያስተያየው።

ከሞተሩ ቀጥሎ የጥገናው መዝገብ ነው። በዚህ ሥራ ያልተጻፈ ጥገና እንዳልተሠራ ይቈጠራል። ካህናት እንደሚያውቁት ከመካከሉ ጥራዝ የወደቀበት ብራና ድጕሱ ቢያምርም የጎደለው ምንባብ አይገኝበትም። የሦስት ዓመት ገጽ የጎደለውም መዝገብ እንዲሁ ነው፤ አይሮፕላኑ በእነዚያ ዓመታት ተሰብሮ እንደ ሆነ ማን ይመሰክራል?

የባለቤትነቱም ነገር አለ። በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አንድ አይሮፕላን በሁለት መንግሥታት መዝገብ ሊጻፍ አይችልም ይላል፤ ስለዚህ ከሻጩ አገር መዝገብ መሰረዙን የሚገልጽ ወረቀት አስቀድሞ ይጠየቅ። ባንክም በመያዣ ይዞት እንደ ሆነ በ2001 በኬፕ ታውን ስምምነት የተመሠረተው ዓለም አቀፍ መዝገብ ይመርመር። ቀብዱ በሻጩ እጅ ሳይሆን በሦስተኛ ወገን ዘንድ በአደራ ይቀመጥ፤ በምርመራ ጉድለት ቢገኝ ገንዘቡ በሙሉ ይመለሳል የሚል ቃልም ከፊርማው በፊት በውሉ ይግባ።