ስዕሉ ፓኮው ላይ፣ ሲጋራው በፍሬ

በሕግ በኩል ማንም አይከሰንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የሲጋራ ፓኮ ፊትና ጀርባው 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ ስዕልና ጽሑፍ እንዲሸፈን አዟል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከልክሏል፤ ማስታወቂያውንም አግዷል። ጎሽ! ታዲያ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራም ሂዱ መጋላ፣ ሳቢያንም ሂዱ ለገሃሬ፣ ሱቅ ደጃፍ ቆማችሁ ተመልከቱ። ልጁ ብሩን ያቀብላል፣ ባለሱቁ አንድ ፍሬ መዞ ይሰጠዋል፣ ለኩሶ ይሄዳል። ፓኮው መደርደሪያ ላይ ቀረ፤ ስዕሉም አብሮት ቀረ። ያ ሁሉ ስዕል የሚያስጠነቅቀው ማንን ነው? ባለሱቁን!

ማስተማሪያ ተብሎ የሚታተመው ደግሞ ይብሳል። እጄ የገቡት በራሪ ወረቀቶች ሁሉ «ትምባሆ ለካንሰር፣ ለልብና ለሳንባ በሽታ ያጋልጣል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም፣ ግን ማንም አያነበውም። ግንቦት 23 በትምባሆ ቀን ይታደላሉ፣ በማግስቱ ኦቾሎኒ ይጠቀለልባቸዋል።

የድሬ አጫሽ እኮ ራሱን አጫሽ አይልም! ጠይቁት፦ «አቦ፣ እኔ አላጨስም፤ ጫት ላይ ብቻ ነው።» ከምሳ በኋላ በርጫው ይዘረጋል፣ በሩ ገርበብ ይላል፣ ምርቃናው ሲመጣ ሲጋራው በሲጋራ ላይ ይለኮሳል። ጥግ የተቀመጠው የማያጨስ ጓደኛና ቡና የምታፈላዋ ሴት ጭሱን እኩል ይስባሉ። ለዚህ ሰው «አጫሾች ሆይ» ብሎ የሚጀምር ወረቀት መስጠት አድራሻው የጠፋ ደብዳቤ መላክ ነው። ያውም በአማርኛ ብቻ! ወሬዋን በኦሮምኛ ጀምራ፣ በሶማልኛ ቀጥላ፣ በአማርኛ በምትጨርስ ከተማ!

«የኢትዮጵያ አጫሽ ጥቂት ነው» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት ጄቲአይ የተባለው የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ቅርንጫፍ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በዓመቱ 434 ሚሊዮን ጨምሮ ድርሻውን 71 በመቶ ገደማ አደረሰ። ይህን ሁሉ ገንዘብ ለዚያች 5 በመቶ ብቻ ያፈሰሰ የሚመስለው የዋህ ነው። የታሰበው ገና ላልጀመረው ልጅ ነው።

ስለዚህ ስዕሉ ከፓኮው ወጥቶ ሲጋራ በፍሬ በሚሸጥበት መስኮት ላይ ይለጠፍ። ጽሑፉ ሳይታተም ጫት ተራ ይወሰድ፣ ለቃሚዎች ይነበብላቸው፤ የሳቁበት መስመር ይሰረዝ። ከሳንባ በፊት ስለ ኪስ ይጠይቅ፦ በአንድ በርጫ ስንት ፍሬ? በወር ስንት ብር? ድምሩን ሰውየው ራሱ ይሥራው። «አቁም» የሚል ወረቀት ሁሉ እንዴት የሚለውንም ይጻፍ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሚያነጫንጩ፣ እንቅልፍ እንደሚነሱ፣ ያ ግን ከሳምንታት በኋላ እንደሚበርድ፣ በርጫውን ሳይነኩ ሲጋራውን ብቻ መተው ለምን እንደሚከብድ በግልጽ ይናገር። ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ። የትምባሆ ቀን ባነርና ቲሸርት ገንዘብ አለ።