«የተሰጠ አይቀርም» ይባላል

ስለ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ሲወራ ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚነገረው፦ ለንደን እንዳይማሩ ተከለከሉ፣ መነኮሱ፣ በስተርጅና ግን ፒያኗቸውን ዓለም ሰማው። ከዚያ «አያችሁ፣ የተሰጠ አይቀርም» ተብሎ ይዘጋል። እኔ ግን ይህን አባባል ከወላጅ አፍ ስሰማው ደስ አይለኝም።

አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የኛው የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው የውብዳር በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በ6 ዓመታቸው ከታላቅ እህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ለትምህርት ስዊዘርላንድ ተላኩ። ሴት ልጅ ከእንዝርትና ከወፍጮ በማትርቅበት በዚያ ዘመን አባት ይህን ማድረጋቸውን ልብ በሉልኝ። ልጅቱ እዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ።

ጣሊያን ሲገባ ከቤተሰባቸው ጋር አዚናራ ወደምትባል ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ገቡ። በቀን 4 ሰዓት ፒያኖ፣ 5 ሰዓት ቫዮሊን ይለማመዱ ነበር። የኮንሰርት ሙዚቀኛ ኑሮ ይህ ነው። መድረክ ላይ የምናየው አንድ ሰዓት ነው፤ ከጀርባው ግን ማንም የማያጨበጭብለት የዓመታት ድካም አለ።

ለንደን ታላቅ የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል ሲያገኙ ከበላይ ፈቃድ ተከለከሉ። ሐዘኑ ምግብ አስተዋቸው፤ 12 ቀን ከቡና በቀር ምንም ሳይቀምሱ ሆስፒታል ገቡ። በኋላ ግሸን ማርያም ገብተው በ21 ዓመታቸው መነኮሱ፤ እዚያም ወደ 10 ዓመት በባዶ እግራቸው ኖሩ።

ወደ ጎንደር የመጡት ከዚያ በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር ነው። የአብነት ተማሪውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ ዜማ ይቀጽላል። እማሆይ ደጅ የሚያድሩትን እነዚያን ልጆች አይተው አዘኑ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሙዚቃ ግን ነበራቸው። ጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢውንም ለችግረኞች አዋሉት።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ለንደን ቢከለከሉም እጃቸው ቀድሞ ተምሮ ነበር። የስዊዘርላንዱ ትምህርትና የካይሮው 9 ሰዓት ከውስጣቸው ሊወጣ አይችልም። በሩ በ6 ዓመታቸው ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ግን ጎንደር ላይ ለዚያ ተማሪ የሚሰጡት ከየት ይመጣ ነበር? የተሰጠ የማይቀረው አንድ ሰው በጊዜው ሲያሳድገው ነው።

ይህን የምለው ያለ ነገር አይደለም። እዚህ ማክሰኝት ጎረቤቴ የሆነ እህል ነጋዴ የ13 ዓመት ልጅ አለችው። አጎቷ ያመጣላትን ትንሽ ኦርጋን ማታ ማታ ስትነካካ ከግቢዬ እሰማታለሁ። ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት፤ አባቷ ኦርጋኑን ሊሸጠው ገዥ ፈልጓል። አያቷ መጥተው «እስቲ አንተ ንገርልኝ» አሉኝ፤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ልጄ አዝማሪ ትሁን ነው የሚሉኝ?» አለኝ።

«አዝማሪ ብትሆንስ ምን ነውር አለው? በሠርግህ ያጫወተህ ማን ነበር?» አልኩት። ሳቀ።

«ፈተናውን ብትወድቅስ?» አለ ቀጥሎ። ይህኛው የእውነት ፍርሃት ነው፤ እኔም የልጅ ልጆች ስላሉኝ አይጠፋኝም። ልጅቱ በሙዚቃ እንጀራ ትበላለች ብዬም አልዋሸሁትም፤ ለብዙዎች አያበላም። የነገርኩት ይህን ነው፦ ሰዓት ወስንላት። ከጥናቷ በኋላ አንድ ሰዓት የሷ ይሁን፤ ውጤቷ ከቀነሰ ሰዓቱን ታሳጥራለህ እንጂ ዕቃውን አትሸጥም። ሌላው ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ሥራህን ትተህ ቁጭ ብለህ ስማት።

ዝም አለ። ኦርጋኑ እስከ ዛሬ አልተሸጠም፤ ገዥው ግን እየተመላለሰ ነው።

ለአያቶችም አንድ ቃል አለኝ። የትምህርት ቤት ክፍያና መሣሪያ መግዣ ከአቅማችን በላይ ሊሆን ይችላል። ጆሮ ግን አለን፤ ጊዜም ከልጆቻችን ይልቅ እኛ ጋ ነው ያለው። ልጁ ዋሽንት ቢነፋ፣ ክራር ቢመታ ወይም ዜማ ቢቀጽል «እስቲ ድገመው» ማለት ምንም አያስከፍልም። «እስቲ ድገመው» የተባለ ልጅ ነገም ይለማመዳል፤ «ዝም በል፣ ራሴን አመመኝ» የተባለ ግን ቀስ በቀስ ይተወዋል። ሲተወውም ማንም አይሰማም።

እማሆይ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በኢየሩሳሌም ገዳም ኖረው፣ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ገዳም ውስጥም ፒያኗቸው አልተለያቸውም። ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንድ ዜማቸውን በስልክ ከፍታችሁ ስሙ፤ ከሥራዎቻቸው መካከል ስለ እናት ፍቅር የደረሱትም አለ። ከዚያ ልጃችሁን «አንተስ ምን ትወዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም ሳታቋርጡ ስሙት።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ።