የወረቀት አበባና የቈሰለ ወታደር

ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር በእልልታ የሚቀበለው ሰው አያጣም። የሚያስቸግረው ከእልልታው በኋላ ያለው ዘመን ነው። ነጋሪቱ ጸጥ ካለ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ፣ እግሩን ያጣው፣ ሳንባው በመርዝ ጢስ የተጐዳው፣ ሌሊት እየባነነ የሚነሣው ሰው እንደ ተኛ ነው፤ ጠያቂው ግን ቀንሷል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገር ያሰብነው ይህን ዘመን ከወታደሩ ጋራ ለመካፈል ስለ ተነሡ ሴቶች ነው። ምሳሌያችንን የወሰድነው ከአሜሪካ ነው፤ ምክንያቱም የዚያ አገር ሴቶች ሥራቸውን ከመቶ ዓመት በላይ ሳያቋርጡ ስለ ሠሩ፣ የሠመረውንም የጐደለውንም ለይቶ ማየት ይቻላል። (ዓመቶቹን የምንጽፈው፣ የኛ ነው ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የገባችው በ1917 ነው። ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው አሰለፈች፤ ከ116 ሺህ በላይ ሞተባት፤ ወደ 200 ሺህ የሚሆን ቈሰለባት። ጦርነቱ እንዳለቀ በመጋቢት 1919 በፓሪስ የተሰበሰቡ መኰንኖችና ወታደሮች የአሜሪካ ሌጂዮን የተባለውን የዘማቾች ማኅበር መሠረቱ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በሚኒያፖሊስ ከተማ የመጀመሪያውን ጉባኤ ሲያደርጉ፣ የዘማቾቹ እናቶች፣ ሚስቶች፣ እኅቶችና ሴቶች ልጆች በጐን የራሳቸውን ማኅበር እንዲያቋቁሙ ተፈቀደ። ስሙም የአሜሪካ ሌጂዮን ረዳት ማኅበር ተባለ። ረዳት መባል ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሥራውን ለተመለከተ ሰው ግን ማን ማንን እንደ ረዳ መለየት አንዳንድ ጊዜ ያስቸግራል።

ማኅበሩ የታወቀበት ምልክት ፖፒ የምትባለው ቀይ የዱር አበባ ናት። ነገሩ የተጀመረው በአንዲት መምህርት ነው። ወይዘሪት ሞይና ማይክል የምትባል የጆርጂያ ተወላጅ፣ የጦር ዕርቁ ሊፈረም ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኅዳር 9 ቀን 1918፣ በኒውዮርክ ለዘማቾች አገልግሎት በምትሠራበት ቤት ሳለች፣ ጆን ማክሬ የተባለው ካናዳዊ ሐኪም ቤልጅግ ውስጥ በወታደሮች መቃብር መካከል ስለሚበቅለው ፖፒ የጻፈውን ግጥም አነበበች። በዚያ ቀን ለስብሰባ የመጡ ሰዎች ላደረገችው መልካም መስተንግዶ አሥር ብር፣ በአገራቸው ገንዘብ አሥር ዶላር ማለታችን ነው፣ ሰጧት። እርሷም ወደ ገበያ ሄዳ ከሐር የተሠሩ ሃያ አምስት የፖፒ አበቦች ገዛች፤ አንዱን ራሷ ልብሷ ላይ ሰክታ የቀሩትን ለዘማቾቹ ወዳጆች አደለች። ከዚያ በኋላ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ አካለ ጐደሎ የሆኑ ወታደሮችን ስታስተምር፣ አበባው ለሙታን መታሰቢያ ብቻ ሳይሆን ለቋሚዎቹም እንጀራ ሊሆን እንደሚገባው ተገነዘበች።

ወይዘሮ አና ጌሬን የተባለች ፈረንሳዊት ደግሞ በጦርነቱ ባሎቻቸውንና አባቶቻቸውን ያጡ ሴቶችና ልጆች በእጃቸው የሠሩትን የጨርቅ ፖፒ ይዛ አገር ላገር ዞረች። በኅዳር 1921 የእንግሊዝ ዘማቾች ማኅበር ይህንኑ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያቀርብ ከመቶ ሺህ ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። አሜሪካኖቹ ወንዶች ግን ልባቸው ይዋልል ነበር፤ በ1920 ፖፒን ከመረጡ በኋላ በ1921 ትተውት ዴዚ የተባለውን ነጭ አበባ ያዙ፣ በ1922 ደግሞ ወደ ፖፒ ተመለሱ። የሴቶቹ ማኅበር በዚያው በ1921 ፖፒን መታሰቢያ አበባው አድርጎ ይዞ እስከ ዛሬ አለቀቀም።

የዚህ ሥራ ትልቁ ነገር አበባው መሸጡ አይደለም፤ አበባውን የሚሠራው ማን ነው የሚለው ነው። ማኅበሩ ቀዩን ስስ ወረቀትና ሽቦውን ገዝቶ ወደ ሆስፒታል ይወስዳል፤ በአልጋ ላይ ያለው ቍስለኛ ቈርጦና አጥፎ አበባ ያደርገዋል፤ ለሠራውም ይከፈለዋል። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ በግንቦት ወር በየመንገዱ ቆመው ያድሉታል። ዋጋ አይጠሩበትም፤ ሰው የፈቀደውን በሣጥኑ ይጥላል። ከአበባ የተገኘ ገንዘብም ለዘማቾችና ለቤተ ሰቦቻቸው ርዳታ ብቻ እንዲውል ደንብ ተደርጎለታል። በእንግሊዝ አገር ሻለቃ ጆርጅ ሃውሰን በ1922 አምስት አካለ ጐደሎ ወታደሮችን ይዞ የአበባ ፋብሪካ ሲከፍት፣ አበባው አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው ሊገጣጥመው በሚችል ዓይነት ተሠራ። ይህን ያሰበ ሰው ስለ ቍስለኛው ብዙ ያወቀ ነው። አንድ እጅ ለቀረው ሰው ሁለት እጅ የሚጠይቅ ሥራ አምጥቶ «ሥራ እምቢ አለ» ማለት በሌላ ቦታ ስንት ጊዜ ታይቷል!

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፣ በተለይም የኢኮኖሚ ትምህርት የሚማር ወጣት፣ «የወረቀት አበባ ማጠፍ ለጐልማሳ ሰው ሥራ ይባላልን? ይህስ ምጽዋትን በሌላ ልብስ ማቅረብ አይደለምን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በወረቀት አበባ ቤት አይሠራም፣ ልጅም አይማርም። ነገር ግን ምጽዋት የሚቀበል ሰውና ደመወዝ የሚቀበል ሰው፣ ገንዘቡ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ማታ ሲተኙ አንድ አይደሉም። ያ አበባ ለወር የሚበቃ ቀለብ ባይሆንም፣ «ይህን ያህል ሠራሁ፣ ይህን ያህል ተቈጠረልኝ» የሚያሰኝ ነው። ጣቶቹ የደነዘዙበት ሰውም እጁን ያፍታታበታል።

ጥያቄው እውነት የሚሆነው መንግሥት ከአበባው በስተ ኋላ ሲሸሸግ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1924 ለዘማቾች የጉርሻ ገንዘብ ፈቀደ፤ የሚከፈለው ግን በ1945 እንዲሆን ቈረጠ። በመካከሉ ታላቁ የሥራ ማጣት ዘመን መጣ። በ1932 በሺህ የሚቈጠሩ የተራቡ ዘማቾች ከነቤተ ሰቦቻቸው ወደ ዋሽንግተን ሄደው ገንዘባችን አሁኑኑ ይሰጠን ብለው በድንኳንና በጐጆ ሰፈሩ። ሐምሌ 28 ቀን የገዛ አገራቸው ጦር በፈረስና በታንክ፣ እንባ በሚያስወርድ ጢስ አባረራቸው፤ ጐጆዎቻቸውም ተቃጠሉ። በዚያው ዓመት በግንቦት የወረቀት አበባ በየመንገዱ ታድሎ ነበር። ልብስ ላይ የተሰካው አበባ ያንን ቀን አላስቀረውም። ነገሩ የተቃናው ሌጂዮኑ አጥብቆ የተሟገተለት የዘማቾች ሕግ በ1944 ሲጸድቅ ነው፤ እስከ 1956 ድረስ ወደ 7.8 ሚሊዮን የሚሆኑ ዘማቾች በዚያ ሕግ ትምህርትና የሙያ ሥልጠና አገኙ። ይህም ቢሆን ለሁሉ እኩል አልደረሰም፤ በደቡብ ያሉ ጥቁር ዘማቾች በባንክ በርና በትምህርት ቤት በር ተመልሰዋል፣ የሌጂዮኑም ቅርንጫፎች በዚያ አካባቢ ለረጅም ዘመን በቀለም የተከፈሉ ነበሩ። ማኅበሩን ስናመሰግን ይህንን መዝለል አይገባንም።

ሕግ ሊያደርገው የማይችለው ነገር ደግሞ አለ። የረዳት ማኅበሩ ሴቶች በገና ሰሞን በዘማቾች ሆስፒታል ውስጥ ሱቅ የሚመስል ነገር ያዘጋጃሉ፤ መጫወቻ፣ ሹራብ፣ የአንገት ልብስ፣ መጽሐፍ በመደርደሪያ ይደረድራሉ። በሽተኛው በራሱ እግር ወይም በተሽከርካሪ ወንበር መጥቶ ለሚስቱና ለልጆቹ የሚሆነውን ይመርጣል። ገንዘብ አይጠየቅም። ሴቶቹ የመረጠውን ጠቅልለው በስሙ በፖስታ ወደ ቤቱ ይልኩለታል። ልብ በሉ፤ ስጦታው ለበሽተኛው የሚሰጥ አይደለም፣ በሽተኛው የሚሰጠው ነው። ልጁ ፖስታውን ሲከፍት የሚያየው የማኅበሩን ስም ሳይሆን የአባቱን ስም ነው። ከሥራቸው ሁሉ እኛ ይህንን እናስበልጣለን።

ከሆስፒታል ውጭም ያው ሴቶች ለሰፈራቸው ይሠራሉ፤ በ1937 ገደማ የጀመሩት ልጃገረዶች በራሳቸው ምርጫ አድርገው ከንቲባና አገረ ገዥ እየሆኑ የአስተዳደር ሥራ የሚለማመዱበት ትምህርት እስከ ዛሬ አለ። በ2019 ደግሞ ሴቶች ዘማቾች ስለ በዙ፣ የእነርሱ ባሎች ወደ ረዳት ማኅበሩ እንዲገቡ ተፈቅዷል። ረዳት የሚለው ስም ለወንድም ደረሰ ማለት ነው፤ ማንም የተጐዳ የለም።

ነገሩ ለኛም ሩቅ አይደለም። በ1935 የጣልያን ወረራ ሲቃረብ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተሰበሰቡ የኢትዮጵያ ሴቶች ለቍስል ማሰሪያ የሚሆን ፋሻና ለዘማች የሚሆን ልብስ አዘጋጅተዋል፤ ልዕልት ፀሐይም ከዚሁ ሥራ ጋራ ስማቸው ይነሣል። በወረራው ዘመን እንደ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች ለዱር አርበኛው ስንቅና ጥይት አቀብለዋል። በኮሪያ ከዘመተው ከቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ሞተው ከ500 በላይ ቈስለዋል፤ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ግን የተዋጉበት ወገን በአዲሱ መንግሥት የተጠላ በመሆኑ ብዙዎቹ ሳይታወሱ ኖሩ። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረውና በ2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት በቆመው የሰሜኑ ጦርነት የቈሰሉት ደግሞ አብዛኞቹ የናንተ እኩዮች ናቸው።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ሆይ፤ ከጠረጴዛህ ላይ የአንድ ቍስለኛ ማመልከቻ ሲመጣ አንተ የምታየው የሐኪም ማስረጃውን፣ ማኅተሙንና የጐደለውን ፊርማ ነው። ይህን ማየት ግዴታህ ስለ ሆነ አንወቅስህም። ነገር ግን ሰውየው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በክራንች እንዴት እንደ ወጣ ማኅደሩ አይነግርህም። በሰፈሩ ያሉት እናቶች ግን ያውቃሉ፤ ዕድሩ ያውቃል፣ ቡና የሚጣጡት ጐረቤቶች ያውቃሉ። እነዚህን ሴቶች አንድ ቀን ወደ ቢሮህ ጠርተህ ማን የት እንዳለ፣ ማን ከቤት መውጣት እንዳልቻለ ብትጠይቃቸውና አንተው ወደ ቤቱ ብትሄድ፣ ፊርማው በዚያው ይሞላል። ተማሪዎችም በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ማመልከቻ ለመጻፍና ደብዳቤ ለማንበብ ቢሰጡ ከዚህ የሚያንስ ሥራ አይሆንም።

በየቀበሌው እንዲህ ያለ የሴቶች ማኅበር ለማቋቋም የሚያስቡ ካሉ፣ ከአበባው ይልቅ የሣጥኑን ደንብ አስቀድመው ቢይዙ እንመክራለን፤ ለቍስለኛ የተሰበሰበው ገንዘብ በልዩ መዝገብ እንዲያዝ፣ ከርሱም ለስብሰባ ሻይ እንኳ እንዳይወጣ፣ ሒሳቡም በየሦስት ወሩ በተረጂዎቹ ፊት እንዲነበብ።