የማጅራት ሕመምና የደም ግፊት በኮርያ ሕክምና

ኮርያ ለቤታችን እንግዳ ስም አይደለችም፤ የቃኘው ሻለቃ ልጆች በ1943 ዓ.ም. ዘምተው የተዋደቁባት ምድር ናትና። ዛሬ ግን ስለ ጦርነቷ ሳይሆን ስለ ሕክምናዋ ጥቂት ልንናገር አስበናል።

የኮርያ ሕዝብ ከጥንት የወረሰው ጥበበ ሕክምና አለው። የንጉሥ ሶንጆ ሐኪም የነበረው ሆ ጁን ይህን ጥበብ በ25 ጥራዝ ሰብስቦ ጽፎታል፤ ዶንጉይ ቦጋም የተባለው ይኸው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1613 ታተመ። የዛሬዎቹም የባህል ሐኪሞች 6 ዓመት ተምረውና ተፈትነው በመንግሥት ፈቃድ የሚሠሩ ናቸው። ማጅራቱ የደረቀበት ሰው ወደ እነርሱ ሲሄድ በቀጭን መርፌ ይወጉታል፤ ከአሪቲ ወገን የሆነ ቅጠል አድርቀው በቆዳው አጠገብ ያጤሱለታል፤ እንደ እኛ አገር ዋግምት ያለውንም ያደርጉለታል። መርፌው የአንገትን ሕመም ለጊዜው ሊያቀል እንደሚችል በምርመራ ታይቷል።

ነገር ግን ልንጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ኮርያውያን ሰው ሲቈጣ ማጅራቱን ይዞ ግፊቴ ወጣ ማለቱን ለምደውታል፤ በእኛም ዘንድ ማጅራት በታመመ ቍጥር ግፊት ነው የሚሉ አይጠፉም። የደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምልክት ኖሮ ልብን፣ ኵላሊትንና አንጎልን በስውር የሚጐዳ ደዌ ነው። እንግዲህ ማጅራቱ ስለ ተሻለው ግፊቱም እንደ ዳነ ቈጥሮ ኪኒኑን የሚተው ሰው፣ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ሳይዘጋ የሚተኛ ባለቤትን ይመስላል። መርፌ ግፊትን ለዘለቄታው ዝቅ ማድረጉ አልተረጋገጠም። ከዚህም በላይ በብዙ ቅመሞቻቸው የሚገባው ጋምቾ የተባለው ጣፋጭ ሥር ሲበዛ ግፊቱን ራሱን ከፍ ያደርገዋል።

ስለዚህ ግፊትን የሚነግረን መለኪያ እንጂ ማጅራት አይደለም። በሐኪም ቤት በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይውሰድ፤ ጨውም ይቀንስ። የባህል መድኃኒት ሲሻም ለሐኪሙ አይሰውር። በጾም ወራት ኪኒኑን የሚውጥበት ሰዓት ቢያስቸግረው፣ በገዛ እጁ ከመተው ይልቅ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር። ድንገት አፉ የተጣመመ፣ አንደበቱ የተሳሰረ ወይም አንድ ወገን እጁ የዛለ ሰው በቤት ቢገኝ ግን፣ መርፌም ዋግምትም ሳትሉ ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት ያስተማረውን የምናነብ ምእመናን፣ ጸሎትን ከሕክምና ጋር አስተባብረን ብንይዝ ቤታችን ይጠበቃል።