ፊሽካው ትንሽ ይቆይ

በሸዋሮቢትም ሆነ በአጣዬ ሜዳ ኳስ የተከላካይ እጅ ስትነካ ከዳኛው ቀድሞ የሚፈርደው ተመልካች ነው። የይፋት ቆላ ሙቀት ቀን ላይ ስለማያስጫውት ውድድሩ ወደ ማምሻው ይሆናል፤ ሰዉ መስመሩን ተጠግቶ ይቆማል፤ «እጅ! እጅ!» ሲል ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል። ብዙ ጊዜ አልተሳሳተም። ኳሷ እጅ ነክታ አጥቂው እግር ሥር ስትገባና በረኛው መሬት ላይ ሲሆን ግን ያ የቸኮለ ፊሽካ የሚጠቅመው አጥፊውን ነው። ሆን ብሎ በእጁ ጎል በሚያስቀር ተጫዋች ላይ ከከባድ ቅጣት ይልቅ የሚያዋጣው የዳኛው ትዕግሥት ነው እላለሁ።

ቅጣት ብቻውን የት እንደሚያደርስ ጋናዎች ያውቁታል። ሰኔ 25 ቀን 2002 ዓ.ም. ጆሃንስበርግ ላይ፣ በዓለም ዋንጫው ሩብ ፍጻሜ ጭማሪ ሰዓት ማብቂያ፣ የኡራጓዩ ሉዊስ ሱዋሬዝ መረብ ልትገባ የነበረችውን ኳስ በእጁ መለሰ። ዳኛው ሕጉ የሚለውን ሁሉ አደረጉ፦ ቀይ ካርድም ፍፁም ቅጣት ምትም ሰጡ። አሳሞአህ ጂያን የመታት ኳስ አግዳሚውን ገጭታ ወጣች፤ በመለያ ምት ያለፈችው ኡራጓይ ሆነች። እዚያ ላይ ዳኛው የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም፤ ኳሷ ለጋና ተጫዋች አልደረሰችም። ብትደርስ ኖሮ ግን ፊሽካው ጎል ይነጥቅ ነበር። በትልልቅ ሊጎች እንኳ ከአራት ፍፁም ቅጣት ምቶች የሚቆጠሩት ሦስቱ ገደማ ናቸው፤ በረኛ በሌለበት ጎል ፊት ከቆመ አጥቂ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

መጠበቅ የሚያስከፍለው ነገርም ጥቂት ነው። አምስተኛው የጨዋታ ሕግ ዳኛው አድቫንቴጅ ሰጥቶ እንዲያስቀጥል፣ የታሰበው ጥቅም ወዲያው ወይም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልተገኘ ደግሞ ተመልሶ የመጀመሪያውን ጥፋት እንዲቀጣ ይፈቅዳል። ካርዱም ኳስ ከጨዋታ ውጪ ስትሆን ይወጣል። የዚህን ትዕግሥት ዋጋ ያሳየው፣ የሚገርመው፣ በእጅ ጎል የሚታማው ዳኛ ነው። ሰኔ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ፣ በአዝቴካ ስታዲየም፣ ቱኒዚያዊው አሊ ቢን ናስር በ51ኛው ደቂቃ የአርጀንቲናውን ማራዶና እጅ ሳያይ ጎሉን አጸደቀ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ማራዶና እንግሊዞችን እያለፈ ሲገሰግስ የደረሰበትን ንክኪ አይቶ ፊሽካውን ያዘ፤ ማራዶናም ሁለተኛውን ጎል አስቆጠረ። ያኔ ነፍቶ ቢሆን ዓለም ያንን ጎል አያይም ነበር። ቢን ናስርም ኋላ ላይ ኩራቴ ብሎ ያነሣው ይህንኑ አድቫንቴጅ ነው።

«አጥፊው በርካሽ ይለቀቃል» የሚል ተቃውሞ አለ። እውነት ነው፣ አድቫንቴጅ ተሰጥቶ ጎሉ ከገባ ቀዩ ካርድ ይቀራል። ነገር ግን ሊሰርቀው የነበረው ጎል ለባለቤቱ ተመልሷል፤ አጥቂ ቡድን ከቀይ ካርድና ከጎል ምረጥ ቢባል የትኛውን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው። እጅ በተነካ ቁጥር ይጠበቅም አላልኩም። ኅዳር 7 ቀን 2006 ዓ.ም. በናይጄሪያዋ ካላባር በብሔራዊ ቡድናችን በዋልያዎቹ ላይ በእጅ ንክኪ የተሰጠችውንና ቪክቶር ሞሰስ ያስቆጠራትን ፍፁም ቅጣት ምት የሚረሳ የለም፤ ለናይጄሪያ ከዚያች ምት የበለጠ ጥቅም ከየት ይመጣ ነበር? ጎሉ ክፍት ካልሆነ ይነፋ።

ከበድ የሚለው ሌላው ተቃውሞ ነው። ቪኤአር በሌለበት፣ የሳጥኑ መስመር በአቧራ በጠፋበት ሜዳ ዝም ያለ ዳኛ «አላየም» ይባላል፤ ሲብስም «ተገዝቷል»። በትንሽ ከተማ ደግሞ ዳኛውና ተመልካቹ ነገ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። የሚፈራው ግን ዝምታው ነው፣ መጠበቁ አይደለም። ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ «አይቻለሁ፣ ቀጥል!» ብሎ ከጮኸ ከጥጉ ያለውም ይሰማዋል። አሠልጣኞች ለወረዳ ዳኞች በሚሰጡት ኮርስ ካርድ አወጣጥን የሚያስተምሩትን ያህል ይህንንም ሜዳ ላይ ያለማምዷቸው፦ ኳሷን እጅ ላይ፣ ከዚያ አጥቂ እግር ሥር እየጣሉ፣ ፊሽካው ከአፍ ሳይሆን ከእጅ ሆኖ። ዳኛውም ከጨዋታው በፊት ሁለቱን አምበሎች ጠርቶ «እጅ ብትነካም እኔ እስክነፋ ተጫወቱ» ይበላቸው።